የምሥራቅ ቅቤ፣ የምዕራብ ቅቤ

አንድ ብልቃጥ የሺያ ቅቤ ከቡርኪና ፋሶዋ ዋጋዱጉ፣ ሌላ ብልቃጥ ደግሞ ከሰሜን ኡጋንዳዋ ሊራ ቢመጣና ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ የመጀመሪያው በማንኪያ ካልተፋቀ አይነሳም። ሁለተኛው ብልቃጡ ሲጋደል አብሮ ይጋደላል። ሁለቱም የአንድ ዛፍ ፍሬ ስብ ናቸው። የዕፅዋት ሊቃውንት ዛፉን ቪቴላሪያ ፓራዶክሳ በሚል አንድ ስም መዝግበውታል፤ የቅባት ፋብሪካዎችም በማሸጊያው ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ስም ብቻ ይጽፋሉ። ታዲያ አንድ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው? የውስጣቸው ይዘት ነው እንዳይባል ይዘታቸው አንድ አይደለም። ዘራቸው ነው ቢባል ደግሞ ዘር ብቻውን ይህን ያህል የሚፈታና የሚረጋ ነገር እንዴት ይሰጣል?

ነገሩ ላይ ላዩን የነጋዴ ጣጣ ይመስላል። ሥሩ ሲቆፈር ግን ፈላስፎችና የሃይማኖት መምህራን ለብዙ ዘመን የተከራከሩበት ጥያቄ ላይ ይደርሳል፦ የአንድ ፍጥረት ባሕርይ ከራሱ ከፍጥረቱ ነው ወይስ ከቆመበት ምድር?

የቅቤን አገር መጠየቅ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ገበያ የወጣ ሰው ቅቤው ለጋ ይሁን በሳል ከመቅመሱ በፊት የየት አገር እንደሆነ ይጠይቃል፤ የሸኖ ለጋ ከነስሙ የታወቀ ነው። ሳሩ፣ ውኃው፣ ብርዱ በላሟ በኩል አልፎ ቅቤው ላይ እንደሚደርስ ማንም ያውቃል። ዛፍ ግን እንደ ላም ግጦሽ ፍለጋ አይሄድም። በበቀለበት ይኖራል፣ እዚያው ይሞታል። የቦታን ጉልበት ለመመርመር ከዛፍ የተሻለ ምስክር የማይገኘውም ለዚህ ነው።

ሺያ የሚበቅልበት ምድር ከሴኔጋል ተነስቶ ከሰሐራ በታች ባለው የሣር አገር እስከ ኡጋንዳና ኢትዮጵያ ድረስ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘረጋል። ምሥራቃዊ ጫፉ ጋምቤላን ይነካል። ዛፉ ፍሬ እስኪሰጥ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያስጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለትውልዶች ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1352 ወደ ማሊ የተጓዘው ኢብን ባቱታ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአገሬው ሰው ከአንድ ፍሬ ዘይት አውጥቶ ምግብ እንደሚሠራበት፣ መብራት እንደሚያበራበትና ገላውን እንደሚቀባው ጽፏል። ሊቃውንት ያ ፍሬ ሺያ እንደሆነ ያምናሉ። ስኮትላንዳዊው ሙንጎ ፓርክ ደግሞ በ1796 በኒጀር ወንዝ አካባቢ ሲያልፍ ቅቤውን ቀምሶ ከላም ቅቤ ይልቅ ነጭ፣ ጠንካራና ለምላሱ የሚጥም ሆኖ አግኝቶታል፤ ያለ ጨው ዓመት ሙሉ እንደሚቆይም መዝግቧል። ፓርክ የቀመሰው የምዕራቡን ነው። በዓባይ በኩል መጥቶ ቢሆን ኖሮ ጠንካራ የሚለውን ቃል አይጽፍም ነበር።

ሥራው በሁለቱም ወገን የሴቶች ነው። በምዕራብ አፍሪካ ሴቶቹ የወደቀውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ ጣፋጩ ሥጋው ይበላል፤ ፍሬው ይቀቀላል፣ ይደርቃል፣ ቅርፊቱ ይሰበራል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል። በመጨረሻም ከውኃ ጋር በእጅ እየተመታ ይናጣል፤ ነጩ ስብ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። እዚህ ላይ አንዲት ሴት ስንት ሰዓት ክንዷን እንደምታንቀሳቅስ በቸኮሌትም በቅባትም ማሸጊያ ላይ አይጻፍም።

ወደ ይዘቱ ሲገባ ልዩነቱ በሚያስገርም ሁኔታ ትንሽ ነው። ከሺያ ቅቤ የስብ አሲዶች መካከል 85 በመቶ የሚሆነውን ሁለቱ ብቻ ይይዙታል፤ ስቴሪክ አሲድና ኦሌይክ አሲድ። ሁለቱም እያንዳንዳቸው 18 የካርቦን አቶሞች የተሰናሰሉባቸው ሰንሰለቶች ናቸው። ስቴሪክ ሰንሰለቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቆ ይደረደራል፣ ንጹሑም የሚቀልጠው 69 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ኦሌይክ ከመካከሉ ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ተነስተውለት ድርብ ትስስር ስለተተካ ጎበጥ ብሏል። የጎበጠ ነገር አይደረደርም፤ ስለዚህ ንጹሑ ኦሌይክ 14 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈታል። ሁለት ሃይድሮጅን ማለት በተፈጥሮ ከሚገኙት አቶሞች ሁሉ ቀላሎቹ ሁለቱ ማለት ነው። ዋጋዱጉንና ሊራን የሚለያየው ዋናው ነገር እነርሱ መኖራቸውና አለመኖራቸው ነው።

በ2005 የታተመና የአራት አፍሪካ አገሮችን የሺያ ቅቤ ያነጻጸረ ጥናት የኡጋንዳው ኦሌይክ አሲድ 58 በመቶ አካባቢ እንደሚደርስ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ ስቴሪኩ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ከቡርኪና ፋሶ የሞሲ አምባ የመጣው በጥንካሬው ጎልቶ ወጣ። በምዕራቡ ስቴሪክ 40 በመቶውን ሲያልፍ የተለመደ ነው፤ በኡጋንዳ ወደ 30 ይወርዳል። ቁጥሮቹ በወረቀት ላይ የሚራራቁ አይመስሉም። እጅ ላይ ሲደርሱ ግን አንዱ ቅቤ ሌላው ዘይት ይሆናል።

ቀላሉ መልስ ሙቀት ነው። ዕፅዋት ድርብ ትስስር የሚሠሩባቸው ኤንዛይሞች በሙቀት ይዳከማሉ፤ ፍሬው በሚበስልበት ወቅት ሰማዩ ከጋለ ስቡ ወደ ቀጥተኛው ያዘነብላል፣ ከቀዘቀዘ ወደ ጎባጣው። ሞሲ አምባ ከባሕር ወለል 300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ በሚያዝያ ቀትር ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ምድር ነው። ሊራ 1,000 ሜትር አልፋ ትገኛለች። ጉዳዩ በዚህ የተዘጋ ይመስላል።

ግን አልተዘጋም። የምሥራቁና የምዕራቡ ሺያ ሁለት ንዑስ ዝርያዎች ናቸው፤ የዘር ምርመራም ይለያቸዋል። ለብዙ ሺህ ዓመታት ተራርቀው ኖረዋል። ስለዚህ ልዩነቱ የደም ነው ወይስ የሰማይ የሚለውን ለመለየት የምዕራቡን ዘር ምሥራቅ ተክሎ፣ የምሥራቁን ምዕራብ ወስዶ፣ 20 ዓመት መጠበቅ ያስፈልጋል። ትዕግሥቱ የመነኩሴ እንጂ የተመራማሪ አይደለም።

ካካዎ በዚህ ረገድ ይበልጥ ይረዳል። ከብራዚል ባሂያ የሚመጣው የካካዎ ቅቤ ለስላሳ፣ የማሌዥያው ጠንካራ፣ የምዕራብ አፍሪካው መካከለኛ መሆኑን የቸኮሌት ሠሪዎች ከጥንት ያውቁታል። በባሂያ እንዲያውም በቀዝቃዛው ወራት የበሰለው ፍሬ በሞቃቱ ወራት ከበሰለው ይለሰልሳል። በ1980 ሌሪያን፣ ኪኒ እና በትለር የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሙከራ ነገሩን ወደ ግልጽነት አቀረበው፦ ፍሬው በዛፉ ላይ እንዳለ በዙሪያው ያለውን አየር አሙቀው አበሰሉት፤ ስቡ ወደ ጠንካራው አዘነበለ። ዘሩ ያው፣ ሰማዩ ሌላ። ቦታ ማለት እንግዲህ ቢያንስ በከፊል ሙቀት ማለት ነው፤ ሙቀትም ፍሬ ውስጥ ይጻፋል።

እዚህ ላይ በ1965 ካናዳዊው ዴቪድ ካንቪን ያሳተመው ጥናት ይመጣል፤ ለኢትዮጵያ አንባቢ የተጻፈ ያህል ነው። ካንቪን አምስት የቅባት እህሎችን ከ10 እስከ 26.5 ዲግሪ በተለያየ ሙቀት አሳደገ፤ የጎመን ዘር ዘመድ፣ ተልባ፣ የፈረንጅ ሱፍ፣ ሱፍና ጉሎ። በጾም ሰሞን የትኛውም ጓዳ ውስጥ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ አይጠፉም፤ ጉሎውን ለምጣድ ማሰሻ የሚያውቀውም ብዙ ነው። ውጤቱ ተልባውን፣ ጎመን ዘሩንና የፈረንጅ ሱፉን በአንድ ወገን አደረጋቸው። ሙቀቱ ሲጨምር ድርብ ትስስር የበዛባቸው አሲዶች ቀነሱባቸው። ሱፍና ጉሎ ግን ንቅንቅ አላሉም። ቢሞቅም ቢበርድም የስብ አሲዳቸው ያው ሆኖ ተገኘ።

የጥያቄው ፍልስፍናዊ እምብርት እዚህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግን ይታለፋል። በአርስቶትል ፈለግ የሄዱ አሳቢዎች በአንድ ነገር ላይ ሁለት ነገር ይለያሉ፦ ነገሩን ያንን ነገር የሚያደርገውን ዋናውን ማንነት፣ ደግሞም ሊመጣና ሊሄድ የሚችለውን ድንገተኛ ጠባይ። በዚህ ሚዛን የሺያ ቅቤ ጥንካሬ ድንገተኛ ጠባይ ነው፤ ዛፉ ዛፍ፣ ቅቤው ቅቤ ሆኖ ይቀራል። የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ሰውን ሲተነትኑ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት አራቱን ባሕርያተ ሥጋ፣ ከነፍስም ሦስቱን ባሕርያት ይቆጥራሉ። ሥጋችን ከቦታው ቁሳቁስ የተሠራ ነው ማለት ነው፤ መሬቱም ውኃውም የሆነ አገር መሬትና ውኃ ነው። መምህራኑ የትኛው አገር ብለው አይጠይቁም። የቅባት ኬሚስቶች ግን ለመጠየቅ ተገደዱ።

ተልባና ሱፍ ይህን ክፍፍል ይፈትኑታል። መለወጥ ድንገተኛ ጠባይ፣ አለመለወጥ ማንነት ቢሆን ኖሮ ሱፍ ማንነት ያለው፣ ተልባ ግን የሌለው ይሆን ነበር። እንዲህ ያለ ድምዳሜ የሚያሳፍር ነው። የሚሻለው አባባል ይህ ይመስላል፦ አንድ ዘር ከቦታው ጋር ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ራሱ የዘሩ ባሕርይ ነው። ተልባ በብርድ መፍታት ያውቅበታል፤ ይህም ከአባቶቹ የወረሰው ነው። ጉሎ እምቢተኝነቱን እንዲሁ ወርሶታል። ቦታ ይጠይቃል፣ ዘር ይመልሳል፤ የመልሱ ደንብ ከጥያቄው ቀድሞ በዘሩ ውስጥ ነበረ። ባሕርይን በቁጥር መፈለግ ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው፦ የሺያ ስቴሪክ ስንት ነው ተብሎ ለሚጠየቀው ጥያቄ የት ብሎ መመለስ ግድ ነው።

ደግሞም ዛፉ ቅቤውን ለሰው ብሎ አላዘጋጀውም። ስቡ ለጫጩቷ ችግኝ የተሰነቀ ስንቅ ነው። አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ራንዳል ሊንደር በ2000 እንዳስረዳው ቀጥተኛው ስብ ለችግኟ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል፤ ግን በብርድ ስለሚረጋ ለመብቀል ያስቸግራል። ጎባጣው ስብ ጉልበቱ ትንሽ ያነሰ ቢሆንም በብርድም ይሠራል። ስለዚህ ለሞቃት አገር ልጅ ጠንካራውን፣ ለቀዝቃዛ አገር ልጅ ለስላሳውን መሰነቅ ነው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ የሚለው ተረት በዘር ደረጃ ሲሠራ ይህን ይመስላል። እናቲቱ ዛፍ የትኛውን ስንቅ እንደምትመርጥ ስናስብ ዓላማ ያለ ይመስለናል፤ የሥነ ሕይወት ሰዎች ዓላማ የሚለውን ቃል ይሸሹታል፣ የሃይማኖት ሰዎች ይጨብጡታል። ሁለቱም የሚያዩት አንዱን ፍሬ ነው።

ከሺያ ይልቅ ለቤታችን የሚቀርበው ኑግ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ኑግ ከኢትዮጵያ ደጋ ወደ ሕንድ በጥንት ዘመን እንደተሻገረ ይታመናል። የኢትዮጵያው ኑግ ዘይት ውስጥ ሊኖሌይክ የሚባለውና ሁለት ድርብ ትስስር ያለው አሲድ 75 በመቶ አካባቢ ይደርሳል፤ ኦሌይኩ ከ10 በመቶ በታች ነው። በሕንዱ ሊኖሌይኩ ወደ 55 ወርዶ፣ ኦሌይኩ ወደ 25 በመቶ ወጥቶ ተመዝግቧል። ሁለቱም ኑግ ናቸው፤ ሁለቱም አበባቸው ቢጫ ነው። ከደጋ ብርድ ወደ ሕንድ ሙቀት የተሰደደው ወገን በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ሌላ ዘይት ሆነ። ስደተኛው ኑግ አሁንም ኑግ ነው? የሚለውን ጥያቄ በቤይሩትም በዋሽንግተንም ለሚኖር አንባቢ መተርጎም አያስፈልግም፤ ይሁን እንጂ ሰውን በኑግ መመዘን አደገኛ ስለሆነ ጽሑፉ እዚያ አይዘልቅም።

ቦታ በስብ አሲዶች ብቻ አይጻፍም። በእስራኤል የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ዜቭ ዊዝማንና ስቲቨን ማራንዝ በ2004 ባሳተሙት ጥናት ከተለያዩ የአፍሪካ አካባቢዎች በተሰበሰበ የሺያ ቅቤ ውስጥ ቶኮፌሮልን ማለትም የቫይታሚን ኢ ቤተሰብን ለኩ። በአንድ ግራም ቅቤ ውስጥ ዝቅተኛው 29፣ ከፍተኛው 805 ማይክሮ ግራም ሆነ። ከፍተኛው አማካይ የተገኘው ከቻዷ ኒጃሜና አካባቢ ነበር፤ ዝቅተኛው ከሰሜን ኡጋንዳ። ሞቃትና ደረቅ የሆነው አገር ቅቤ ከሁሉ በላይ በዚህ መከላከያ ተሞልቶ ተገኘ። በፍሬው ውስጥ ስላሉት ሌሎች ቅመሞች ባደረጉት ጥናትም ልዩነቱ ዛፉ ከሚሸከመው የአካባቢ ጫና ጋር ሳይያያዝ እንደማይቀር ጠቁመዋል።

ከዚህ ስብከት ማውጣት በጣም ይቀላል፦ የተቸገረ ይበረታል፣ በእሳት ያለፈ ይጠራል። ብዙ ሰባኪ ይህን ጥናት ቢያገኝ እሑድን አያሳልፈውም ነበር። ግን ድርቁን የተቋቋሙት ዛፎች ብቻ ናቸው ወደ ቤተ ሙከራው የደረሱት፤ የደረቁት ፍሬ የላቸውም። መከራ ያጠነክራል የሚል ሰው ሁልጊዜ የሚቆጥረው በሕይወት የቀረውን ነው። ቶኮፌሮሉ የበዛው ዛፉ ስለተፈተነ ሊሆን ይችላል፤ ፈተናው መልካም ነበር ማለት ግን ከዚያ አይከተልም። የኒጃሜናው ገበሬ ጥቂት ቶኮፌሮል አጥቶ ጥቂት ዝናብ ቢያገኝ ደስ ባለው ነበር።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ጉዳይ ሌላ ነው። ቦታ ሲባል አፈር፣ ዝናብና ሙቀት ብቻ ይታሰባል። እነዚሁ ሁለት ተመራማሪዎች በ2003 ባሳተሙት ሌላ ሥራ የሺያ ዛፍ ስርጭትና ጠባይ የጥንት ገበሬዎችን እጅ እንደሚያሳይ ተከራክረዋል። ሺያ በአብዛኛው አይተከልም። ገበሬው ማሳ ሲመነጥር የትኛው ዛፍ ይቁም፣ የትኛው ይውደቅ ብሎ ይመርጣል። ፍሬው የጣፈጠ ወይም ቅቤው የበዛ ይቀራል፤ መጥረቢያው በሌላው ላይ ያርፋል። ይህ ውሳኔ ከአያት ወደ ልጅ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲደጋገም፣ የሞሲ አምባ ማሳ ላይ ዛሬ የቆመው ዛፍ የምርጫ ውጤት ነው። ስለዚህ አካባቢው ቅቤውን ቀረጸው ሲባል፣ ከአካባቢው ውስጥ የሰው መጥረቢያና የሰው ምላስ አለበት። ተፈጥሮና ጥበብ በሁለት ጎራ የሚቆሙበት የድሮው የፍልስፍና ክፍፍል እዚህ ማሳ ላይ ድንበሩን ያጣል።

የምሥራቅና የምዕራብ ጉዳይ በሃይማኖት መጻሕፍት ውስጥም በዘይት በኩል ተነስቷል። በቁርኣን በሱረቱ አን-ኑር 35ኛው አያ ላይ የአላህ ብርሃን በመብራት ሲመሰል፣ መብራቱን የሚያቀጣጥለው ምሥራቃዊም ምዕራባዊም ያልሆነ የተባረከ የወይራ ዛፍ ዘይት እንደሆነ ይወሳል። ሙፈሲሮች በዚህ ላይ ብዙ ተናግረዋል። ከቀደምቶቹ አንዱ ወገን ትርጓሜው ስለ ፀሐይ ነው አለ፦ ዛፉ በገላጣ ስፍራ ስለቆመ ጧትም ማታም ፀሐይ ያገኘዋል፣ በአንድ ወገን ብቻ ጥላ አይወድቅበትም፣ ስለዚህም ዘይቱ ከሁሉ የጠራ ነው። በ728 ያረፈው ሐሰን አል-በስሪ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። እንደ እርሱ አስተያየት ዛፉ የዚህች ምድር ቢሆን ኖሮ ወይ ምሥራቃዊ ወይ ምዕራባዊ መሆኑ ባልቀረለትም ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ አላህ ለብርሃኑ የሰጠው ምሳሌ ነው።

የመጀመሪያዎቹ እንደ ግብርና ባለሙያ አስበዋል፤ የዘይትን ጥራት ከዛፉ አቋቋምና ከሚያገኘው ብርሃን ጋር ማገናኘታቸው ዛሬም በየትኛውም የእርሻ ኮሌጅ ያስከብራቸዋል። አል-በስሪ ግን ከእነርሱ ጠልቋል። ቦታ የሌለው ዘይት በምድር ላይ የለም ማለቱ ነው። የሺያ ታሪክ በ1,300 ዓመት ዘግይቶ መስከረለት።

ቦታ የሌለው ዘይት ለመሥራት የሚሞክር ካለ ፋብሪካው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 ባወጣው መመሪያ ቸኮሌት ውስጥ ከካካዎ ቅቤ ሌላ እስከ 5 በመቶ የሚደርስ የአትክልት ስብ ለመጨመር ፈቅዷል፤ ከተፈቀዱት ስድስት ስቦች አንዱ ሺያ ነው። ቸኮሌት በአፍ ውስጥ እንጂ በእጅ ላይ እንዳይቀልጥ ስለሚፈለግ የሚፈለገው ጠንካራው የምዕራቡ ነው። ፋብሪካዎች ቅቤውን በማቀዝቀዝ ይከፍሉታል፤ የረጋውን ለቸኮሌት፣ ፈሳሹን ለሌላ። የኡጋንዳው ለስላሳ ቅቤ በቸኮሌት በር አይገባም፤ በቆዳ ቅባት በኩል ግን በልስላሴው ምክንያት ይወደዳል። በአንዱ ገበያ ጉድለት የሆነው በሌላው ውበት ነው፤ ሁለቱንም ፍርድ የሚሰጡት ሰዎች ዛፉን አላዩትም።

ከጋና፣ ከማሊና ከቡርኪና ፋሶ ተሰብስቦ በአንድ ጋን የተቀላቀለ፣ ተከፍሎና ነጥሮ የወጣ ስብ እንግዲህ ምሥራቃዊም ምዕራባዊም ያልሆነ ይመስላል። እንዲያም ሆኖ ፋብሪካው ሊያጠፋው የማይችል ነገር አለ። በዝናብ ውኃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአገር አገር በከባድና በቀላል አይሶቶፖቹ መጠን ይለያያል፤ ዛፉ ያንን ውኃ ጠጥቶ ስቡን ይሠራል። በወይራ ዘይት ላይ የአገር ስም የሚያጭበረብሩ ነጋዴዎችን ለመያዝ ቤተ ሙከራዎች ይህን ምልክት ይከተላሉ። የጠራው ዘይት ዝናቡን ይዞት ይሄዳል።

ታዲያ ሃይማኖት በሕጉ የሚጠይቀው ምንድን ነው? የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ከዓመቱ ግማሽ የሚያህለውን ሲጾም ከቅቤ ይርቃል፣ ከኑግና ከሱፍ ግን አይርቅም። በላም ስብ ውስጥ ያለው ስቴሪክ አሲድና በሺያ ውስጥ ያለው ስቴሪክ አሲድ አንድ ሞለኪውል ናቸው፤ ከተለያዩ በኋላ የትኛው ከየት እንደመጣ በቅርጹ የሚያውቅ የለም። ጾሙ ግን ቅርጹን አይመረምርም። ወላጁ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፦ ነፍስ ካለው ከእንስሳ ነው ወይስ ከምድር ከበቀለ? ስለዚህ የሺያ ቅቤ ስሙ ቅቤ ቢሆንም የጾም ነው። ጋምቤላ ውስጥ ጥያቄው እምብዛም አይነሳም፤ አብዛኛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነውና ይህ የጾም ሥርዓት አይመለከተውም። ፍርዱ ግን ግልጽ ነው፤ የበቀለበት አገርም የስቴሪኩ መጠንም አልተጠየቀም፣ ወገኑ ብቻ እንጂ።

የሮም ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ጠበብ ያለ ችግር ገጥሟት ነበር። የሕሙማን ቅብዐት በወይራ ዘይት እንዲፈጸም የዘመናት ልማድ ነው፤ ወይራ ደግሞ የሜዲትራኒያን ዛፍ ነው። ሃይማኖቱ ወደ አፍሪካና እስያ ሲሰፋ ዘይቱ አልተከተለውም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ በኅዳር 1972 ባወጡት ድንጋጌ ወይራ በማይገኝበት ወይም ለማግኘት በሚያስቸግርበት አካባቢ ሌላ ዘይት እንዲተካ ፈቀዱ። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ከዕፅዋት የተገኘ ይሁን፣ ያ ነውና ከወይራው ጋር የሚቀራረበው።

መቀራረቡ በቤተ ሙከራ ሚዛን ቢለካ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። በወይራ ዘይት ውስጥ ኦሌይክ አሲድ ባብዛኛው ከ55 እስከ 83 በመቶ ነው። የሰሜን ኡጋንዳው ሺያ በ58ቱ በዚህ ክልል ውስጥ ይገባል፤ እንደ ዘይትም ይፈስሳል። የሞሲ አምባው ከክልሉ ውጭ ይቀራል፤ ከመቀባቱም በፊት መቅለጥ አለበት። በሊራና በዋጋዱጉ ያሉ ሁለት ካህናት የአንድ ዛፍ ስብ በእጃቸው ይዘው አንዱ ተፈቅዶለት ሌላው ሊከለከል ነው ማለት ነው። ድንጋጌው ግን ይህን መስመር አላሰመረም። መቶኛ አይጠቅስም፣ አገር አይጠቅስም፣ የዛፍ ስም እንኳ ከወይራ በቀር አይጠራም፤ ለሁለቱም ካህናት የሚጠየቀው ጥያቄ ቅባቱ ከተክል መሆኑ ብቻ ነው።